«ምን በላህ?» ይሉ የነበሩት እትዬ ትርፌ

ወይዘሮ ትርፌ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ በላሊበላ ከተማ አርፈዋል። በመድኃኒት ቤታቸው መስኮት ፊት ተሰልፋችሁ የምታውቋቸው ሁሉ፣ ከብልባላ እስከ ሙጃ ያላችሁ፣ እስካሁን ካልሰማችሁ ከእኔ ስሙ። ቀብራቸው በማግስቱ ተፈጽሟል። ዝናብ ነበር፤ ጥላ ያለውም የሌለውም መጥቷል። ካህናቱ ስለ በጎነታቸው ተናገሩ፤ የዕድራችን ዳኛ አቶ ካሳውም ተናገሩ፤ «ምን ሆነው ነው?» ላለ ሁሉ «ልባቸው ነው» የሚል መልስ ተሰጠው። እኔም እንደዚያው እያልኩ ስመልስ ዋልኩ።

የሺ እባላለሁ። ከወገል ጤና ከተማ መጥቼ ስድስት ዓመት ከጎናቸው ቆሜ መድኃኒት አድያለሁ። እትዬ ትርፌን የገደላቸው ይወስዱት የነበረው የደም ማቅጠኛ ነው፤ በየጠዋቱ በእጄ የሰጠኋቸውም እኔ ነኝ። ልባቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ የታመመ መሆኑ እውነት ነው፤ ለዚህ ሞት ግን ተጠያቂው ልባቸው አልነበረም። ይህን እህታቸው እማሆይ አስካለ አያውቁም። በሰልስቱ ዕለት ፊት ለፊት ጠይቀውኝ ዋሽቻቸዋለሁ። አርባቸው ሳይደርስ ሙጃ ሄጄ ልነግራቸው አስቤአለሁ። ለመናገር ግን የእትዬን ገመና ማውጣት አለብኝ፤ እሳቸው ደግሞ ያንን ገመና ለመሸፈን ሲሉ ነው የሞቱት። የያዘኝ ነገር ይኸው ነው።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና እትዬ ትርፌ በሕይወት ሳሉ ደግ ናቸው የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። በቀብራቸው ዕለት ግን ከተማው ሁሉ ደግነታቸውን ሲያውቅ ኖሯል። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሴት ነበሩ። መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ነጭ ጋውናቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ማዘዣውን ከማየታቸው በፊት የሰውየውን ፊት ያያሉ። ከዚያ «ምን በላህ?» ይላሉ። «እንዴት አደርክ» የለ፣ «ምን ልርዳህ» የለ። በሐምሌ፣ ጎተራው ተጠርጎ ባለቀበት ወር፣ ሰው በተሰለፈበት «ምን በላህ?» መባል ምን ማለት እንደሆነ ለላስታ ሰው አልነግረውም። ሁለት ቀን እህል ሳንቀምስ ውለን እንኳ «ብሉ» ስንባል «አሁን በልተን ነው የመጣነው» የምንል ሰዎች ነን።

መጠየቁ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። መልሱን አያምኑም ነበር። «እጅህን አምጣ» ይሉና ቀኝ እጁን በመስኮቱ ስበው ያሸቱታል። በእጃችን የምንበላ ሕዝብ ስለሆንን እጅ አይዋሽም ይላሉ፤ ሽሮ የበላ እጅ ታጥቦም ይታወቃል። እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። የትምህርት ማስረጃዬን ይዤ ሥራ ልጀምር የገባሁ ዕለት ወረቀቱን ሳያዩ እጄን አሸተቱ። ከዋዜማው ጀምሮ መኪና ላይ ስለነበርኩ ምንም አልበላሁም፤ «በልቻለሁ» ብዬ ግን ነበር። «ተርበሽ ኪኒን ልትቆጥሪ? የተራበ ሰው ቁጥር ይስታል» አሉና መጀመሪያ በልቼ እንድመለስ ላኩኝ። እያለቀስኩ ነው የበላሁት።

በሁለተኛው ሳምንት የባዶ ካርቶን ክዳን ቀደዱና በጀርባው ላይ ሥዕል ሣሉልኝ። ኮሌጅ ውስጥ ሦስት ዓመት የሸመደድኩትን በእርሳስ በሩብ ሰዓት ጨረሱት። አፍ፣ ሆድ፣ አንጀት፣ ከዚያም ጠመዝማዛ መንገድ። «ኪኒን ስለተዋጠ ሰውነት ገባ ማለት አይደለም» አሉኝ። «ሆድ ግቢ ነው እንጂ ቤት አይደለም። ግቢ ደርሶ የተመለሰ እንግዳ ስንት አለ! ቤት ገባ የሚባለው የአንጀትን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ሲደርስ ነው።» አንዳንዱን ኪኒን ወተት እንደሚይዘው፣ ተልባ እንደሚያዘገየው፣ ኮሶ የጠጣ ሰው ደግሞ ሁሉንም ጠርጎ እንደሚያስወጣው በጣታቸው እያሳዩ አስረዱኝ። ከአንጀት ቀጥሎ ጉበትን ሣሉና ኬላ ነው አሉ። የገባው ሁሉ እዚያ ይፈተሻል፣ ከፊሉ እዚያው ይወረሳል፣ ያለፈው ወደ ልብ ይሄዳል፣ ልብም ለሰውነት ሁሉ ይረጨዋል። አከፋፈሉ ግን እኩል አይደለም፤ ብዙ ደም የሚሄድላቸው እንደ ኩላሊት ያሉት ቀድመው ይቀበላሉ፣ ሥጋ ይከተላል፣ ስብ መጨረሻ ነው። ስብ ደግሞ አንዴ የተቀበለውን ቶሎ አይለቅም።

ከዚያ በደሙ መንገድ ላይ አራት እግር ያላቸው ትንንሽ ነገሮች ሣሉ። አህዮች መሆናቸውን ካልነገሩኝ አላውቃቸውም ነበር። «መጽሐፍሽ አልቡሚን ይለዋል። የምንበላውን ይዞ ጉበት ነው የሚሠራው። ብዙ መድኃኒት በእሱ ላይ ተጭኖ ነው የሚጓዘው፤ ተጭኖ እስካለ ድረስ ማንንም አይነካም። የሚሠራው ከጀርባው የወረደው ነው።» ቀጥለው አህዮቹን አንድ በአንድ በላጲስ አጠፏቸው። «አሁን ሰውየው ሲራብ ከርሟል፤ አህያ የለም። ያው ኪኒን ነው፣ ያው መጠን ነው፣ ጭነቱ ግን ሁሉም ሜዳ ላይ ፈሷል። ለጠገበ ሰው መድኃኒት የሆነው ለተራበው መርዝ ነው።» ካርቶኑን ሰጡኝና ወደ መስኮቱ ተመለሱ።

ለካህናት እንኳ አይመለሱም ነበር። በዐቢይ ጾም በቀን ሦስት ጊዜ የታዘዘላቸውን ኪኒን ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ የዋጡ መምሬ ራሳቸው እየዞረ መጡ። «አባቴ፣ አህያዎን የሦስት ቀን ጭነት ባንድ ቀን ይጭኗታል? ለእሷ ያዘኑትን ያህል ለራስዎ ይዘኑ እንጂ» አሏቸው። መምሬ ስቀው ተቀበሉ። ሰው ሁሉ ግን እንደ መምሬ አይደለም።

አቶ ካሳውን ያዋረዱት ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን ነው። የዕድር ዳኛው ለጉልበታቸው ሕመም የታዘዘላቸውን ይዘው መጡ፤ ከኋላቸው ሰው ተሰልፏል። እትዬ እጃቸውን አሸተቱና «ይሄ እጅ ዛሬ እህል አልነካም፤ ትናንትም እንጃ። ይሄ መድኃኒት ባዶ ሆድ ላይ ጨጓራ ይበሳል» አሏቸው፤ ለሰልፉ በሚሰማ ድምፅ። አቶ ካሳው ማዘዣቸውን እዚያው ትተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት የሚገዙት ሌላ ቦታ ነው፤ በየጠላ ቤቱ «ያቺ አሽታች» ሲሉም ስንቱ ሰምቷል። እውነቱን ልናገርና ያን ዕለት እኔም ጠልቻቸው ነበር። ሰው እንዲህ ይደረጋል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና ስለ ሲሳይ ነገሩኝ።

ሲሳይ የብልባላ ገበሬ ነበር፤ እኔ ከመምጣቴ በፊት የስኳር ሕመሙን ኪኒን ከእሳቸው ይወስድ ነበር። እትዬ ያኔ የመጀመሪያዋን ፍሬ እዚያው መስኮቱ ላይ ያስውጡ ነበር፤ ሰዉ ቤቱ ከደረሰ «አንተም ያመሃል፣ እንካ» እያለ ኪኒኑን ከጎረቤት ጋር ስለሚካፈል ነው። ቁርስ በልቶ እንደሆነ ጠየቁት፤ «በልቻለሁ» አለ። ዋጠና አህያውን እየነዳ ወደ አገሩ ሄደ። አህያዋ ብቻዋን ቤት ደረሰች፤ እሱን በማግስቱ መንገድ ዳር አገኙት። ያ ኪኒን ባዶ ሆድ ሲያገኝ ደም ውስጥ የቀረችውን ጥቂት ስኳር ጠርጎ ያጠፋታል፤ ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። አጠገቡ ሰው ቢኖርና አንድ ማንኪያ ስኳር አፉ ላይ ቢያደርግለት ይተርፍ ነበር።

እትዬ ሲሰሙ በእግራቸው ብልባላ ሄዱ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሚስቱ ለጎረቤት ስትናገር ሰሙ፤ ሲሳይ ለልጆቹ ይትረፍ ብሎ ሁለት ቀን ምንም አልቀመሰም ነበር። ኪኒኑን የጠረጠረ ማንም የለም። ምች ነው ተባለ። ከጎረቤት ተለቅሞ የተቀቀለ ንፍሮ ቀረበላቸው፣ በሉ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ብለው ወጡ።

«የገደልኩትን ሰው ንፍሮ በልቼ ተመለስኩ» አሉኝ።

ለምን ለሚስቱ እንዳልነገሯት ጠየቅኳቸው። ባሏ ተርቦ መሞቱ ከሚወራባት ብለው እንደተዉት ነገሩኝ። ከዚያ «ውሸቴን ነው፤ የፈራሁት ለራሴ ነው» አሉ። እጅ ማሽተት የጀመሩት ከዚያ ለቅሶ ከተመለሱ በኋላ ነው። ስለ ሲሳይ ከዚያ ቀን ሌላ አንስተው አያውቁም።

አቶ ካሳው ያን ቅዳሜ ትንሽ ቢታገሡ ኖሮ የሚቀጥለውን ያዩ ነበር። እትዬ ያልበላን ሰው ባዶ እጁን አይሸኙም። ገብስ ቆልተው፣ አስፈጭተው፣ በሶውን ኪኒን በምናድልባት ትንሽ የወረቀት ከረጢት ይሞሉታል። በላዩ ላይ የሰውየውን ስምና «ከኪኒኑ በፊት፣ በውኃ ተበጥብጦ» የሚል ይጽፉበታል። ሲሰጡም ፊታቸውን እንዳጨፈገጉ ነው፤ ይሄኛው ከሁሉም ይቀድማል፣ ካልወሰድከው ሌላውንም አልሰጥህም ይላሉ። ምጽዋት የማይቀበል ሰው መድኃኒት ይቀበላል። ለማንም አያወራም፤ እያንዳንዱ የራሱ ልዩ ሕመም ልዩ ዱቄት የታዘዘለት ይመስለው ነበር። አንዲት እናት በወሩ ተመልሳ «ያ ዱቄቱ ተስማምቶኛል፣ ይጨመርልኝ» አለች። እትዬ ሳይስቁ ጨመሩላት፤ እሷ ከሄደች በኋላ ግን ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ረጅም ጊዜ ቆሙ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

እትዬ ባለሙያ ለራሱ አያድልም የሚል ሕግ ነበራቸው። የራሳቸውን የደም ማቅጠኛ፣ ዋርፋሪኑን፣ እኔ ነበርኩ የምሰጣቸው። በየጠዋቱ ገና ደንበኛ ሳይመጣ ጋውናቸውን አውልቀው ይወጡና እንደማንኛውም በሽተኛ ከመስኮቱ ውጭ ይቆማሉ። እኔ «ምን በሉ?» እላለሁ። ይነግሩኛል። እሰጣቸዋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ቀኝ እጃቸውንም በመስኮቱ ዘርግተውልኝ ነበር። «አሽቺ» አሉኝ። እናቴን የሚያህሉ ሴት፣ ያስተማሩኝ፣ እንጀራ የሰጡኝ፤ እጃቸውን እንደ ሌባ ልፈትሽ? ጎንበስ ብዬ ሳምኩት። «ሞኝ» አሉኝ እየሳቁ። ከዚያ ወዲህ አልዘረጉም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ለአምስት ዓመት «ሽሮ በላሁ» ሲሉኝ ሽሮ በልተው ነበር።

በዚህ ክረምት ነገሩ ተለወጠ። መድኃኒት የሚያመጣው መኪና እየቀረ መደርደሪያችን ባዶ ሆነ፤ አገር ጎብኚ ስለጠፋ ከተማውም ከሳ። ከሙጃ፣ ከአባታቸው መሬት የሚደርሳቸውን ገብስ እህታቸው እማሆይ አስካለ በየዓመቱ በአህያ ይልኩላቸው ነበር። በሰኔ መልእክተኛው ምን ያህል እንላክ ብሎ ሲጠይቅ «አትላኩ፣ ሞልቶኛል፤ እናንተው ብሉ» ብለው መለሱት። ቆሜ ሰምቻለሁ። ቤታቸው የቀረችውን ገብስ ቆሉና አስፈጯት፤ ከረጢት መሙላቱን ግን አላቆሙም። በሐምሌ ለእኔም አንድ ሰጥተውኛል። ስሜ ተጽፎበታል። በላሁት።

እየከሱ መሆናቸውን አይቻለሁ። የእጅ ሰዓታቸው እስከ ክርናቸው ይንሸራተት ነበር። ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተሸፈነላቸው፤ በፍልሰታ ሰው ለምን አልበላህም ተብሎ አይጠየቅም። በየጠዋቱ ስጠይቃቸው ማታ ድንች በላሁ፣ ማታ ሽሮ በላሁ ይሉኛል። ደማቸው ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው ምርመራ የሚሠራው ሌላ ከተማ ነው፤ መንገዱ ስለማያስተማምን ከግንቦት ወዲህ አልሄዱም። የምሰጣቸው መጠን ግን ጠግበው ይበሉ በነበረ ጊዜ የታዘዘው ነው። ያ መድኃኒት ደግሞ አህያ ከሚፈልጉት ዋነኛው ነው፤ ደም ውስጥ ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉም ተጭኖ ነው የሚሄደው፣ የሚሠራው እፍኝ የማትሞላዋ ብቻ ናት። ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ጾሙ በተፈታ በሳምንቱ ክንዳቸው በልዞ አየሁ። ሰፊ፣ ጥቁር ሰማያዊ ነበር። መደርደሪያ መታኝ አሉ። በማግስቱ ሌላኛው ክንዳቸው። ምራቃቸውን ሲተፉ ደም ነበረበት። የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ካለ ምክንያት ሲበልዝና ድዱ ሲደማ ምን ማለት እንደሆነ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ከመድኃኒቱ ለጥቂት ቀን ብናርፍስ አልኳቸው።

«የበላሁትን እኔ አውቃለሁ። አንቺ ሐኪም ያዘዘውን ስጪ» አሉኝ።

እጃቸው በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ነበር። ከአፍንጫዬ አንድ ክንድ ቢርቅ ነው። መያዝ፣ ወደ እኔ መሳብ፣ ማሽተት ነበረብኝ። ለገበሬው፣ ለመምህሩ፣ ነፍሰ ጡር ለሆነችው ስናደርገው የኖርነው ነገር ነው። እኔም ሌሎችን ስንት ጊዜ አሽትቻለሁ፤ የደሃ እጅ ሳሸት አፍሬ አላውቅም። የእሳቸውን ግን ይሉኝታ ያዘኝ። ቢራቡስ? ተርበው ባገኛቸው ምን እላቸዋለሁ? እኔ የእሳቸው ተማሪ፣ በሶአቸውን የበላሁ፣ «እትዬ፣ ርቦዎታል» ልላቸው ነው? ኪኒኑን መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ውኃ ሰጠኋቸው። ብርጭቆውን ተቀበልኩ። ይህ የሆነው ሰኞ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አልመጡም። ቤታቸው ስሄድ አልጋቸው ሥር ወድቀው አገኘኋቸው፤ ራሴን፣ ራሴን ይሉ ነበር፤ ግራ ጎናቸው አይንቀሳቀስም። ጎረቤት ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳቸው። ያያቸው ሐኪም ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ እንደሆነ ነገረኝ፤ ምን ይወስዱ እንደነበር ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። በደንብ ይበሉ ነበር ወይ አለኝ። «አዎ» አልኩ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀትር ላይ አረፉ።

ገናዦቹ ንጹሕ ነጠላ ሲጠይቁኝ ጓዳቸው ገባሁ። ማድጋው ደርቋል። ሽሮ የለም፣ ዱቄት የለም፣ ድንች የለም፤ ምድጃው ስንት ቀን እሳት እንዳላየ እንጃ። ከአልጋው አጠገብ ያለውን ሣጥን ስከፍት ከረጢቶቹን አገኘኋቸው። በሶ የተሞሉ፣ የታሸጉ፣ በእሳቸው እጅ ጽሑፍ ስም የተጻፈባቸው፤ ሣጥኑ እስከ አፉ ሞልቷል። የብልባላ ሰዎች ስም፣ የከተማው ሰዎች ስም፣ የአቶ ካሳው ስም። አንዱም አልተከፈተም። አጠገቡ ተኝተው ነው የተራቡት። የበሽተኛ መድኃኒት ነዋ፤ ባለሙያ ከበሽተኛ መድኃኒት አይወስድም።

እማሆይ አስካለ በማግስቱ ደረሱ። ለቀስተኛው ብዙ ነበር፤ ምን ይቅረብ ሲባል እማሆይ ሣጥኑን አገኙ። በሶ አየሁ፣ ተመስገን አሉ። እየቀደዱ በአንድ ገበታ ላይ አፈሰሱት። ስም የተጻፈበት ወረቀት እግራቸው ሥር ተከመረ። እዚያው ቆሜ ነበር፤ እማሆይ ማንበብ እንደማይችሉም አውቃለሁ። በውኃና በጨው ታሸና ለሰዉ ተዞረ። አቶ ካሳው ሁለት ጭብጦ በሉና «እጃቸው ሰፊ ነበር፣ እንዲህ ያለ ቤት የት ይገኛል?» አሉ። በሉ ሁሉም። እኔም በላሁ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ያለ እጅ ሁሉ በሶ በሶ ይሸት ነበር።

በሰልስቱ ሰዉ ሲበተን እማሆይ ክንዴን ያዙኝ። «የሺ፣ ከጎኗ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እህቴን ምን ገደላት?»

«ልባቸው ነው፣ እማሆይ።»

«ተርባስ አልነበረም? ገብሱን አትላኩ ብላለች ሲሉኝ ደንግጬ ነበር።»

«ኧረ በጭራሽ። ሞልቶ ነበር። በሶውን አላዩትም?»

እማሆይ አማተቡ። ፊታቸው ፈታ አለ፤ እፎይ ሲሉ አየሁ። ያን እፎይታ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ አሁን ሄጄ የምነጥቃቸውም እኔ ነኝ።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ሳማክራችሁ ዝም በይ ብላችሁኛል። ለሟች አይጠቅም፣ ለቋሚ አይጠቅም አላችሁ። ዝምታው ምን እንደሚያመጣ ግን አይቻለሁ፤ የሲሳይ ሚስት እስከ ዛሬ ባሏን ምች የገደለው ይመስላታል፤ ከልጆቿ አንዱ ነገ በስኳር ቢታመም በልቻለሁ ብሎ ይውጣል። ትናንት አንድ ሰው መስኮቱ ላይ መጣ፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ ጉንጩ ገብቷል። ምን በላህ አልኩት። በልቻለሁ አለ፤ እጁን ግን ወደ ኋላው ደበቀ። የእትዬ ትርፌን እጅ ያላሸተትኩ ሴት የእሱን በምን ዓይኔ እጠይቃለሁ? ሥራውን ልተወው ወይም እውነቱን ልናገር፤ ሦስተኛ መንገድ ፈልጌ አጣሁ።

እትዬ ትርፌ፣ እንግዲህ ተናገርኩብዎ። እርስዎ ለሲሳይ ሚስት ያልነገሩትን እኔ ለእህትዎ ልነግር ነው። ደግነት ነው አልልም። እማሆይ ከነገ ጀምሮ የራሳቸውን ጎተራ ባዩ ቁጥር ያለቅሳሉ፤ እኔንም ዳግመኛ ደጃቸው ላያደርሱኝ ይችላሉ። እርስዎንም ይህ ከተማ ከእንግዲህ ተርባ የሞተችው ባለመድኃኒት ይልዎታል፤ ከሞቱም ይልቅ ይህን ይፈሩ እንደነበር አውቃለሁ። በሰላም ያርፉ ብዬ ብዘጋው ይቀለኝ ነበር። ያረፉት ግን በሰላም አይደለም። ተርበው ሞቱ፣ እትዬ። በዐይኔ እያየሁ፣ ያስተማሩኝን ሁሉ እያወቅሁ፣ አክብሬዎት ገደልኩዎት። ወደ ሙጃ የምሄደው ነገ ነው። ይቅር ይበሉኝ ብዬ አልለምንዎትም፤ ይቅር ካሉኝ ዝም ማለት ይቀለኛል። ደህና ይሁኑ።